የጦር ኃይሎች ዶሮ

ግሩም ቤቴል ሰፈር፣ ታክሲ ማዞሪያው አጠገብ የጽሕፈትና የጥረዛ ቤት አለው። ማመልከቻ ይጽፋል፣ ፎቶ ኮፒ ያነሳል። ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ የተማሪዎችን የመመረቂያ ጽሑፍ «በሳይንሳዊ መንገድ ያሳምራል»። በሩ ላይ እንዲህ ብሎ የጻፈው ራሱ ነው።

ሃፊዛ የመጣችው ሰኞ ጠዋት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ የሰፈር ዶሮ ስታጠና ከርማለች። ዶሮዎቹን ይዘው የመዘኑት ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ እሷ የመዘገቡትን ተቀብላ በፍላሽ ይዛለች።

«ዓርብ ዲፌንስ አለኝ፣ ጋሽ ግሩም» አለች፤ የሌላ ሰው ቀጠሮ የምታስታውስ ነበር የሚመስለው። «ሁለቴ ወድቄያለሁ። አሁንም ከወደቅሁ መሥሪያ ቤቴ ቦታዬን ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

«ምን ጎደለ?»

«ሥዕል። አማካሪዬ ግራፉ ላይ ዶሮ ይኑርበት አለኝ። ፈታኟ ዶክተር ወለተጻድቅ ናቸው።»

ግሩም ከወንበሩ ቀና አለ። ዶክተር ወለተጻድቅን በዝና ያውቃቸዋል። ዓምና ስለ በቅሎ ያጠና ተማሪ ግራፉ ላይ የፈረስ ጥላ ስለለጠፈ ጥለውታል። ሰውየው እስከ ዛሬ በቅሎ ሲያይ መንገድ ይቀይራል ይባላል።

«ፍላሹን አምጪው» አለ ግሩም። «የዶሮ ነገር ቀልድ አይደለም።»

ለዚህ ሥራ የሚሆን ሶፍትዌር አለ። የእንስሳውን ሳይንሳዊ ስም ሲሰጡት ከዓለም አቀፍ የሥዕል ግምጃ ቤት ጥቁር ጥላውን ፈልጎ ያመጣና ግራፉ ላይ ያስቀምጠዋል። ዝሆንም ይሁን ቁንጫ፣ ለሱ አንድ ነው። ግሩም አንድ ሕንዳዊ መምህር ይህንኑ በቪዲዮ ሲያስተምር አገኘና የጻፈውን የኮምፒውተር ትእዛዝ መስመር በመስመር ገለበጠው። እንግሊዝኛው ቢያስቸግረውም ፊደል አልዘለለም። የእንስሳውን ስም ብቻ ወደ ዶሮ ለወጠ። ስህተት የሚናገረው ቀይ ጽሑፍ አልወጣም። ሦስት ዓምድ ያለው ግራፍ ብቅ አለ። ሃፊዛ ያጠናችው ሦስት ቦታ ስለሆነ ከሥሩ ቤቴል፣ ቀራንዮ፣ ጦር ኃይሎች ብሎ ጻፈበት።

ችግሩ ወዲያው ታየው።

«ሃፊዛ፣ ያንቺ ዶሮዎች ሴቶች ናቸው አይደል?»

«እንቁላል የሚጥሉ ናቸው።»

«ይሄ የመጣልን ግን አውራ ዶሮ ነው። ሴትዮዋ እንዲህ ካዩት አለቀልሽ።»

«እሺ» አለች ሃፊዛ፤ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ግሩም ግን እሺ አላለም። ጉትዬውን በትንሽ በትንሹ እየቆረጠ፣ ጭራውን እያሳጠረ ሁለት ቀን ሠራ። ዶሮ ብታልም ጥሬዋን እንደሚባለው፣ ሲተኛም ሲነሳም የሚታየው ጭራ ብቻ ሆነ። ረቡዕ ጎረቤቱን ቀጄላን ጠራው። ቀጄላ ዶሮ ነጋዴ ነው።

«ይቺ ጅግራ ናት» አለ ቀጄላ።

ሐሙስ እንደገና ጠራው።

«አሁን ዶሮ ሆነች። ግን ምን አብልተዋት ነው? ጦር ኃይሎች አምስት ኪሎ ይላል እኮ!»

«እዚያ ያለው ሥጋ ቤት አይታይህም? ትራፊ ነዋ የምትለቅመው።»

«ታዲያ እኔ እስከ ዛሬ ከየት ነው የምገዛው?» አለ ቀጄላ፤ እያጉረመረመ ወደ ዶሮዎቹ ተመለሰ።

ግሩም አልሰማውም። ጭራዋን በአንድ ነጥብ ያህል እያሳጠረ ነበር።

ዓርብ ሶፍትዌሩ ከሱ ላፕቶፕ በቀር ሌላ ላይ አልከፈት ስላለ፣ ይዞት መፈተኛው ክፍል ገብቶ ከኋላ ተቀመጠ። ሃፊዛ ሃያ ደቂቃ ተናገረች። ቀልቧ አብሯት የገባ አይመስልም። ግራፉ ሲመጣ ዶክተር ወለተጻድቅ ተነስተው ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አጠለቁ።

«ይሄ ዶሮ ወንድ ነው ሴት?»

ግሩም ከኋላ አንገቱን አሰገገ።

«ሴት ናት፣ ዶክተር» አለች ሃፊዛ።

«ጭራዋስ?»

«አጭር ነው።»

አማካሪው ጉሮሮውን ጠረገ።

«ጎበዝ» አሉ ዶክተሯ። «በስንት ዓመቴ የተጠነቀቀ ሰው አየሁ። አምስት ኪሎው ግን... እኔ ለፋሲካ ከጦር ኃይሎች የገዛኋት አጥንት ብቻ ነበረች።»

«ነጋዴው አታልሎዎት ነው» አለ አማካሪው ፈጠን ብሎ። «ጥናቱ ያጋለጠውም ይህንኑ ነው።»

ዶክተሯ ይህን ማስታወሻቸው ላይ ጻፉት። ውጤቱ «እጅግ በጣም ጥሩ» ሆነ።

«አለፍኩ መሰለኝ» አለች ሃፊዛ ደረጃው ላይ። «መሥሪያ ቤቴ ጥናቱን አስቀድሞ ጠይቆኛል። ጦር ኃይሎች ላይ የዶሮ ማርቢያ ሊከፍቱ ነው።»

«ጭራዋ ናት ያወጣችሽ» አለ ግሩም፤ ኮራ ብሎ።

በሳምንቱ አነስ የሚባል ተማሪ መጣ። ያጠናው ንብ ነው፤ በሦስት ሰፈር። ግሩም አሁን እጁ ለምዷል። ያንኑ ጽሑፍ ከፍቶ የእንስሳውን ስም ወደ ንብ ለወጠና ቁልፉን ተጫነ። ሦስት ዓምድ ወጣ፤ በየአናታቸው አንዳንድ ንብ።

«ጋሼ፣» አለ አነስ ወደ ስክሪኑ አጎንብሶ፣ «የጦር ኃይሎች ንብ አምስት ኪሎ ነው እንዴ የምትመዝነው?»

ግሩም ከመምህሩ የቀዳውን ጽሑፍ ወደ ላይ ገፋ አደረገና የመጀመሪያውን መስመር በጣቱ እየተከተለ፣ ቃል በቃል እየተረጎመ አነበበ፦ «የአንታርክቲካ ፔንግዊኖች ክብደት፤ ለልምምድ ብቻ።»