መቅኔ ለጫልቱ

ደበሌ ዛሬም አግዳሚው ላይ አለ።

ሲስተር ታቢታ በመስኮት አየችው። ጠመንጃ ያንጠለጠለ የቀበሌ ሊቀመንበር፣ ሳይታመም ሁለት ሳምንት ሙሉ ሆስፒታል ምን ይሠራል?

«ጓድ ደበሌ፣ አሞዎት ነው?» ብላ ጠይቃዋለች አንድ ቀን።

«አይ፣ ደህና ነኝ» ብሎ እዚያው ቁጭ አለ።

ግዛቸውን ነው የሚፈልገው፤ ሌላ ምን ይሆናል! ግዛቸው፣ እዚህ በሽተኛ የምታስታምመው የገበያነሽ ልጅ ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሲመለመል ከሐዋሳ ጠፍቶ ለኩ ከተማ፣ አጎቱ ጓሮ ተሸሽጓል። እናቱ ምስጢሩን ያካፈለችው ለታቢታ ብቻ ነው።

የአሥራ አራት ዓመቷ እህቱ ጫልቱ ደግሞ አልጋ ቁጥር ስድስት ላይ ተኝታለች። መቅኔዋ ደም ማምረት አቁሟል። የሰው ደም ይሰጧታል፣ ሳምንት ሳይሞላ መልሳ ትገረጣለች። ገበያነሽ ባሏ ኩማ ከሞተባት ስምንት ዓመት ሆኗል፤ አሁን ደግሞ ልጅ ልትቀብር ነው።

ዶክተር ፍቅርተማርያም ነገሩን ሲያስረዷት ደበሌም አጠገባቸው ቆሞ ነበር።

«ኩባ ልትታከም ትችላለች። ግን መቅኔ የሚሰጣት ያስፈልጋል፤ ከአንድ አባትና እናት የተወለደ። ስንት ልጆች ወልደዋል?»

«ያሉኝ ሁለት ናቸው» አለች ገበያነሽ፣ መሬት መሬቱን እያየች።

ደበሌ ጣልቃ ገባ። «ዶክተር፣ ሰጪው ይጎዳል?»

«ጥቂት ቀን ወገቡን ያመዋል። የተወሰደበት ወዲያው ይተካል።»

«የተሰጠውስ? ሰው ቤት ገብቶ እንዴት ይኖራል?»

ጥያቄው ዶክተሩን ደስ አሰኛቸው። «በክንድ ደም ሥር ነው የሚገባው። ደም የሚሠሩት ሕዋሶች መንገዱን ራሳቸው ያገኙታል። አጥንት ውስጥ ገብተው ግድግዳውን ይይዛሉ፣ ይለጠፋሉ። ካልያዙ ከደሙ ጋር ሲዞሩ ይጠፋሉ። ከያዙ ግን ቤታቸው እዚያ ነው።»

«ወደ መጡበት አይመለሱም?»

«የት ይመለሳሉ!»

ደበሌ በረጅሙ ተነፈሰ። ታቢታ፣ «ይሄ ሰውዬ መቅኔም ሊያስር ነው መሰለኝ» ብላ በሆዷ አማችው።

ደበሌ በየቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ልጁን ከትምህርት ቤት ለመውሰድ ይነሳል። ታቢታ ግዛቸውን ያስገባችው በዚያች ሰዓት ነው። ጋቢ ተከናንቦ፣ በሽተኛ መስሎ በጋሪ መጣ። መቅኔው ከእህቱ ጋር ይገጥም እንደሆነ ለማስመርመር ደሙን ቀዳች። ልትሸኘው በሩን ስትከፍት ግን ደበሌ ፊት ለፊት ተገተረ። የግዛቸውን ፊት ትክ ብሎ አየው። ከዚያ ዞር ብሎ ሲጋራውን ለኮሰ።

ግዛቸው አለፈ። ሰውዬው የዋዛ አይደለም፤ መረቡ እስኪሞላ እየጠበቀ ነው አለች ታቢታ በልቧ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም።

ውጤቱ በወሩ መጣ። አልገጠመም።

ገበያነሽ ኮሪደሩ ላይ ተዘረፈጠች። ታቢታ ልታነሳት ጎንበስ አለች። «እትዬ ገበያነሽ፣ ከአባትየው የወለዱት ሌላ ልጅ የለም? ያስቡ እስቲ!»

«ተይኝ ልጄ። መሐላ አለብኝ። አፌ የታሰረ ነው።»

ታቢታ ስለ ግዛቸው መደበቅ የማለችው መሰላት። ቀና ስትል ደበሌ አግዳሚው ላይ የለም። ሰምቷል፤ አሁን ወደ ለኩ ሰው ሊልክ ነው። ታቢታ በንዴትና በፍርሃት አለቀሰች፤ እህትየው ስትሞት ወንድምየውም ሊታፈስ!

በማግስቱ ጠዋት ደበሌ መጣ። ጠመንጃውን አልያዘም። የስምንት ዓመት ልጁን እጇን ይዞ ቀጥ ብሎ ወደ ላቦራቶሪው ገባ። ኮሪደሩ ላይ የነበረችው ገበያነሽ ልጅቷን ስታይ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ ወደ ግድግዳው ዞረች። ታቢታ በሩን ተደግፋ ቆመች፣ ግዛቸው የት አለ እስኪላት ጠበቀች።

«ሲስተር፣ የዚችንም ደም ቅጂ» አለ ደበሌ፣ የልጅቷን እጅ ሳይለቅ፤ «ገበያነሽ በአራስነቷ፣ ለማንም ላትናገር ምላ፣ በጉዲፈቻ ሰጥታኝ እኔ አሳደግኳት እንጂ፣ የጫልቱ እህት ናት።»