የጭስ መሳቢያው

ባለሙያው የኩሽና ጭስ መሳቢያ ሲሰቅል ይህ በዕለቱ ሦስተኛው ቤት ነው፤ ትከሻው ዝሏል። ቢሆንም ሥራውን አላድበሰበሰም። መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋ፤ ከምድጃው በላይ ሰባ ሳንቲ ሜትር ለካ፤ ግድግዳውን በስቶ ቧንቧውን ወደ ውጭ አወጣ። ውሃ ያመጣችለት የቤት ሠራተኛ ዓይኗ ደም መስሏል። ሐዘን ደርሶባት ይሆናል ብሎ አመስግኗት ጠጣ።

ሲጨርስ መብራቱን መልሶ አበራና የቤቱን እመቤት፣ "እትዬ፣ እስቲ ምድጃውን ይለኩሱልኝና ጭሱን ሲስብ ልየው" አላቸው።

"ኧረ ተው ልጄ! አዲሱ ኩሽናዬ ቁሌት ቁሌት ሊሸት? ይኼማ እንግዳ እንዲያየው ነው።"

ቦርሳውን አንግቶ በጓሮ በኩል ወጣ። ከቆርቆሮው ማድ ቤት ጭስ ይትጎለጎላል። ሠራተኛዋ እያሳለች ብቅ አለች፤ ዓይኗን በሻሿ ጠራርጋ ተመልሳ ጭሱ ውስጥ ገባች።