ድንኳኑ እስኪተከል

ጠዋት የሚስቱ ወንድም ለብቻው ጠርቶ፣ «አባታችን ሌሊት አረፉ» አለው። «ሐይቁ ላይ ይዘሃት ዋል፤ ስልኳንም ደብቅ። ድንኳኑ ተተክሎ ዘመድ እስኪሰበሰብ እንዳትሰማ።»

ባል አደራውን ተሸክሞ አንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ ተከራየ። ቀኑን ሙሉ የሐዋሳን ዳርቻ እየታከኩ ዋሉ። የሸራ አያያዙ ልብስ ከማስጣት የማይሻል ቢሆንም ሚስቱ አልነጀሰችውም። እንዲያውም ብርቱካን ልጣ አጎረሰችው፤ በዚያ መቶ ጊዜ በሰማችው ቀልዱ ሳይቀር ሳቀችለት። «ምስኪን፣ ምንም አታውቅ» አለ በልቡ። እንባው ሲመጣበት ነፋሱን ሰበብ አድርጎ ጠረገው።

ስልኳን እንዴት እንደሚወስድባት ሲጨነቅ፣ ራሷ አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። «ያንተንም አምጣ። ዛሬ እኔና አንተ ብቻ ነን።»

«ቆይ፣ ለእማዬ ልደውልላት። ትናንት አሞኛል ስትለኝ ነበር።»

«ማታ ትደውላለህ፣ የኔ ጌታ» ብላ ከእጁ ወሰደችው።

«የኔ ጌታ» ከተባለ ዓመታት አልፈው ነበርና ደስ አለው፤ በዚህ ቀን ደስ ስላለውም አፈረ።

አመሻሽ ላይ ወደ ዳር ሲጠጉ ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሰዎች ቆመው ይጠብቋቸዋል። ቀኑን ሙሉ በሆዱ ሲለማመደው የዋለውን ቃል ሊነግራት ዞረ። ቀደመችው፤ ሁለት እጁን ጥብቅ አድርጋ ይዛ «አይዞህ» አለችው።

ከሰዉ ሁሉ ፊት ቆመው፣ ጀልባዋን ለመቀበል እጃቸውን የዘረጉት የሚስቱ አባት ነበሩ።