አራት ቀን የሚቆይ ባትሪ

ባመሸ ቁጥር ለሚስቱ የሚሰጣት መልስ አንድ ነበር፤ «ባትሪ ዘግቶብኝ ነው።»

እሷም አንድ ቀን፣ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ አራት ቀን የሚቆይ ስልክ ገዝታ ሰጠችው። «አሮጌው ለእኔ ይበቃኛል» ብላ የእሱን ወሰደች።

የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹ አዲሱን ስልክ እየተቀባበሉ አደነቁለት። እሱን ግን ጭንቅ ያዘው። በየደቂቃው ያየዋል፤ ባትሪው ንቅንቅ አይልም። ከእንግዲህ ምን ብሎ ሊያመሽ ነው?

አርብ ዕለት ሰበብ አጥቶ በጊዜ ቤቱ ገባ። ሚስቱ የለችም። ቢደውል ስልኳ ዝግ ነው። ደገመ፤ ሠለሰ። መሸ። ከበር መስኮት፣ ከመስኮት በር ሲንቆራጠጥ ቆየ። በመጨረሻ ሚስቱ ሽቶዋ ቀድሟት ገባች።

«የት ነበርሽ? ስልክሽስ?»

አሮጌውን ስልክ ሶፋው ላይ ወርወር አደረገችው።

«ውይ፣ ባትሪ ዘግቶብኝ ነው።»