ቀዩ ኬብል

ሰኞ ጠዋት እትዬ ጥሩአየሁ ወደ ኮምፒዩተር ቤቱ ሲገቡ ሙራድ የማሽኑን ጎን ፈትቶ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር። ከማሽኑ ሆድ ቀጭን ቀይ ኬብል ተንጠልጥሏል። እስክሪኑ ጥቁር ነው፤ ጥግ ላይ አንድ መስመር ነጭ ጽሑፍ ብቻ ይታያል።

«አካም ቡልተን፣ እንዴት አደራችሁ» አሉ እትዬ ጥሩአየሁ፣ ጃንጥላቸውን በር ላይ እያራገፉ። «ልጄ መጥታለች?»

ሰኞ ሰኞ የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ሃይማኖት ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች። እሑድ ዕረፍቷ ስለሆነ ራሷን በቪዲዮ ቀርጻ በፌስቡክ ትልካለች። የእናትየው ስልክ ግን ድምፅ እንጂ ምስል አያውቅም። ስለዚህ መቱ መናኸሪያ አጠገብ ወዳለችው ወደዚህች ሱቅ ይመጣሉ፤ ከሙራድ ጋር ሱቁን የምትሠራው ሽብሬ ወንበር ትስብላቸዋለች፤ ልጃቸውን ያያሉ። አንዳንዴ ከኡካ የሚመጣው ወንድማቸው ፋሲልም አብሯቸው ያያል። ሽብሬ ቪዲዮዎቹንና ፎቶዎቹን «ሃይማኖት» በሚል ፎልደር ውስጥ ታስቀምጣለች። አዲስ ካልመጣ የድሮውን ይከፍቱላቸዋል።

«ሃርድ ዲስኩ ተበላሽቷል፣ እትዬ» አለ ሙራድ፣ ቀና ሳይል።

«መቼ?»

«ድንገት ነው።»

ሽብሬ ከጠረጴዛው ማዶ ብድግ አለች። «ምን ድንገት ነው? ሐሙስ ዕለት ከጓደኛው በፍላሽ ያመጣውን ብሮውዘር ጭኖበት እኮ ነው! ክሮም ይበቃናል ብዬው ነበር።»

«ክሮም ለዚህ ሽማግሌ ማሽን ይከብደዋል።»

«እና ከየትም የለቀምከውን ትጭናለህ?»

«ብሮውዘር ዲስክ አይገድልም፣ ሽብሬ።»

«ቫይረስ ይገድላል።»

እትዬ ጥሩአየሁ አንዴ አንዱን፣ አንዴ ሌላዋን አዩ። ብሮውዘር የሚባለውን ነገር አያውቁትም። ቫይረስ የሚለውን ግን ያውቁታል።

«በዚያኛው ኮምፒዩተር ክፈቱልኛ።»

«አይሆንም፣ እትዬ። ፓስወርዱን የያዘው በዚህኛው ላይ የነበረው ብሮውዘር ነው። እሱ ከሌለ ፌስቡኩ አይከፈትም» አለች ሽብሬ። «አንተ ነህ!» ብላ ደግሞ ወደ ሙራድ ዞረች።

ጥግ ላይ ዳናዊት የምትባል ተማሪ የትምህርት ቤት ሥራ ልታሳትም ተራ ትጠብቃለች። ስልኳን እያየች ነበር። እትዬ ጥሩአየሁ ወደ እሷ ጠጋ አሉ።

«የኔ ልጅ፣ ባንቺ ስልክ ሃይማኖት ብለሽ ብትፈልጊልኝስ?»

ዳናዊት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። «ባትሪው አልቋል፣ እትዬ።»

እትዬ ጥሩአየሁ ሙራድን ቁልቁል አዩት። «አንተ እንደሆንክ የነካኸው ሁሉ አይድንም። ራዲዮኔን ጠገንኩ ካልከኝ ወዲህ ዓረብኛ ብቻ ነው የሚያወራው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሱቁ በሳቅ ይሞላ ነበር። ሙራድ መፍቻውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ።

ማክሰኞ ዝናቡ አላባራም። ሱቁ ውስጥ ሙራድና ሽብሬ ጀርባ ለጀርባ ተቀምጠው ዝም ብለዋል። የእትዬ ጥሩአየሁ ጃንጥላ በር ላይ ሲታይ ክርክሩ ካቆመበት ቀጠለ።

«ፋየርፎክስ ብትጭን እንኳ ይሻል ነበር!»

«ለምን ትናንት አልነገርሽኝም?»

እትዬ ጥሩአየሁ አልተቀመጡም። ዓይናቸው አብጧል። ማሽኑ እንደ ትናንቱ ተከፍቶ፣ ቀዩ ኬብል እንደተንጠለጠለ ነው።

«ስደውልላት ስልኳ አይነሣም» አሉ። «አዲሱ ይቅር። የድሮውን አንዱን ብቻ አሳዩኝ። ያንን ጸጉሯን ተሠርታ የምትስቅበትን።»

ሽብሬ ወደ ጓዳ ገባች።

«ሙራድ፣ አንተን ነው የማናግረው! አሁን ልጄ ያለችው እዚያ ዕቃ ውስጥ ነው። ሌላ ምን አለኝ? ለጨዋታህ ብለህ ልጄን አጠፋህብኝ!»

ሙራድ ተነሥቶ ቆመ። ጉልበቱ ላይ አቧራ አለ። «እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ። «ጥፋቱ የኔ ነው። ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታህ አይከፍትልኝም!»

የሱቁ ባለቤት ጋሼ ሸዋንግዛው በዚያው ሰዓት ስልክ እያናገሩ ከደጅ ገቡ። የሠፈሩ እድር ጸሐፊም ናቸው፤ የእድሩ ዕቃ ቤት ቁልፍ ከሱቁ ቁልፎች ጋር በአንድ ቀለበት ነው የሚንጠለጠለው።

«ከኡካ ተነሥቷል?» ይላሉ። «መንገዱ ጭቃ ነው። ማታም ቢሆን ይግባ ብቻ።» እትዬ ጥሩአየሁን ሲያዩ ስልኩን ዘጉት።

«ጋሼ ሸዋንግዛው፣ እርስዎ እንኳ አንድ ነገር ይበሉኝ እንጂ!»

«የምንጠብቀው ሰው አለ፣ እትዬ። ነገ በጠዋት ቤትዎ ድረስ እንመጣለን።»

«ተሠርቶ?»

ጋሼ ሸዋንግዛው ቀለበቱን ከኪሳቸው አወጡ። አንዱን ቁልፍ ለይተው ለሙራድ ሰጡት። «እንመጣለን» አሉ።

እትዬ ጥሩአየሁ ሲወጡ ስለ ብሮውዘር ያነሣ ሰው አልነበረም።

ረቡዕ ሳይነጋ የእትዬ ጥሩአየሁ በር ተንኳኳ። ነቅተው ነበር። ነጠላቸውን እየደረቡ፣ ገና በሩን ሳይደርሱ ተጣሩ።

«ሙራድ ነህ? ተሠራልህ እንዴ? ትናንት የተናገርኩህን እርሳው፣ የኔ ልጅ፤ ተናድጄ ነው!»

መወርወሪያውን ሳቡት።

በዚያው ሰዓት ሽብሬ ብቻዋን ሱቁ ውስጥ ቀዩን ኬብል መልሳ ሰካችው፤ ማሽኑም ያለ አንዳች ችግር ተነሣ፤ ከ«ሃይማኖት» ፎልደር ጸጉሯን ተሠርታ የምትስቅበትን ፎቶ መርጣ፣ ዙሪያውን ጥቁር አድርጋ፣ የእድሩ ድንኳን ውስጥ እንዲሰቀል አሳድጋ አተመችው።