አስፋልት እስከ ኢብሮ በር

የቆቦ ክረምት ጭቃ ሰው አያከብርም። የሽንኩርት ነጋዴው ኢብሮ አዲስ ፒክአፕ በገዛ በሳምንቱ፣ ከዋናው መንገድ ወደ በሩ በምታስገባው አጭር መግቢያ ላይ መኪናዋ እስከ ሆዷ ሰጠመችበት። ገበያተኛው እየሳቀ ገፋለት። ኢብሮ ያን ሳቅ አልረሳውም። በጋ ሲገባ «እስከ በሬ ድረስ አስፋልት አስነጥፋለሁ» ብሎ ተነሳ።

ዋጋውን አንድ የመንገድ ሠራተኛ ጠየቀ። ገረጋንቲው፣ ኮረቱ፣ ሬንጁ፣ የዳምጠው መኪና ኪራይ ሲደመር ስድስት መቶ ሺህ ብር ይፈጃል አለው። ኢብሮ ደነገጠ፤ ግን ቆረጠ።

ሥራውን ለማን እንደሚሰጥ ማሰብ አላስፈለገውም። አጥር የሚጋራው ተስፋይ ዕድሜውን በመንገድ ሥራ የጨረሰ ሰው ነው። አባቶቻቸውም ወዳጆች ነበሩ። ለፋሲካ ተስፋይ፣ ለአረፋ ኢብሮ፣ አንዱ ለሌላው ቤት የሚሆነውን በግ በተቀባዩ ሃይማኖት ሰው አሳርዶ ይልካል።

በእንዲህ ያለ ጉርብትና ሒሳብ መተሳሰብ ነውር ነው። ተስፋይ «ይህን ያህል አምጣ» አላለም፤ ኢብሮም «ይህን ያህል አለኝ» አላለም። ስድስት መቶ ሺሁን በከረጢት ቋጥሮ ለተስፋይ እንድትሰጥ ለሚስቱ ለራዊያ ሰጣትና ሽንኩርት ሊጭን ወደ ጎብዬ ተነሳ።

«ቁጠር እንዳትዪው» አላት። «አደራ፣ ይቀየመኛል።»

«ምን ቆርጦኝ!» አለች ራዊያ።

ማታ ሲመለስ፣ «ምን አለ?» ሲል ጠየቃት።

«ምን ይላል? ሳይፈታው ተቀበለኝ። አሳምሬ እሠራለሁ ብሏል።»

ተስፋይም ሠራ። ሬንጁን ራሱ አቀለጠ፣ ኮረቱን ራሱ በተነ። መንገዱ ጥቁር ሆኖ ሲያበራ ኢብሮ ጥሩምባውን እየነፋ መኪናውን አስገባ። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ አየ፣ ራዊያም እልል አለች። ተስፋይ ግን ኢብሮን ወደ ጎን ወሰደው።

«ከባድ መኪና አታስገባበት ኢብሮ። አቅሙ ያው እንዳቅሙ ነው።»

«አብሽር!» አለና ኢብሮ ትከሻውን መታ አደረገው።

ሐምሌ ላይ ጎርፍ ወረደ። አስፋልቱ እንደ ደረቀ ቂጣ ተፈረፈረ። ዋጋውን የነገረው የመንገድ ሠራተኛ መጥቶ ስባሪውን በእግሩ ገለበጠና ራሱን ነቀነቀ።

«ስድስት መቶ ሺህ? ይሄ ግማሹንም አልፈጀም።»

ኢብሮ ያን ቀን ምሳ አልበላም። ብሩ ቢከነክነውም፣ ይበልጥ ያቃጠለው ሰውየው ተስፋይ መሆኑ ነበር። ሌላ ሰው ቢሆን ሰድቦት ይወጣለት ነበር።

«ሰውን ማመን ቀብሮ ነው!» አለ ለራዊያ።

«ተወው፣ ለአላህ ስጠው» አለችው። «ለጠጠር ብላችሁ ጉርብትና አታፍርሱ።»

ኢብሮ የሚስቱ ደግነት ገረመው፤ ግን አልሰማትም። ነገሩን ለዘወልድ ሽማግሌዎች አሰማ። ራያ ውስጥ ክርስቲያኑም እስላሙም ሲጣላ በእነሱ ፊት ነው የሚዳኘው።

ሽማግሌዎቹ ኢብሮ ግቢ ካለችው የኒም ዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡ። ከእነሱ አንዱ ሼህ ኸይረዲን ነገሩን ከፈቱ።

«ስንት ነው የሰጠኸው?»

«ስድስት መቶ ሺህ» አለ ኢብሮ።

ተስፋይ ቀና አለ። «ስንት?»

«ስድስት መቶ ሺህ! ዛሬ ጆሮህም ደነቆረ?»

ተስፋይ ለሽማግሌዎቹ ውሃ የምታድለውን ራዊያን አያትና አንገቱን ደፋ። ኢብሮ ይህን ልብ አለ። ከረጢቱን በእጇ ያቀበለችውን ሴት ፊት ማየት ቢያፍር ነው ሲል አሰበ፤ ትንሽም ደስ አለው።

«እንግዲህ ማል» አሉት ሼህ ኸይረዲን። «አልበላሁም በል፣ በማርያም ማልና ነጻ ውጣ።»

እዚያ አገር ንጹሕ ሰው መሐላ አይፈራም። መማል ያቃተው ሰው በልቷል፤ ሌላ ምስክር አይፈለግም።

ተስፋይ «አልምልም» አለ። «ጎደለ የተባለውን እከፍላለሁ።»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አንዱ «ወይ ጉድ!» አለ በሹክሹክታ። ተስፋይ ተነስቶ ሊወጣ ሲል ኢብሮ አጠገብ ቆም አለ።

«ቤትህ ይቁም ኢብሮ» አለው።

ኢብሮ ሽሙጥ መስሎት ወደ ግራው ምራቁን ተፋ።

ተስፋይ የመንገድ ሥራ ሲጠፋ እንጀራ የሚበላባትን ባጃጁን ሸጦ የስድስት መቶ ሺሁን ግማሽ ከፈለ። ሚስቱ ብርኽቲ ከዚያ ወዲያ በአጥሩ ላይ ሰላም ማለት ተወች። ቆቦ ሁሉ ወሬውን ሰማ፤ ተስፋይን ለሥራ የሚጠራው ሰው ጠፋ። ፋሲካ ሲመጣ የተለመደው በግ ከዚያ ቤት አልመጣም። ኢብሮ ያን ቀን ሆዱ ባባ። ተናደደ እንጂ ጠልቶት አያውቅም ነበርና፣ የገዛ ወንድሙ የካደው ያህል ነበር የተሰማው። ራዊያ የታመመች እህቷን ልትጠይቅ ሄዳ ስለነበር በዓሉን ብቻውን ዋለ።

በበዓሉ ማግስት ኢብሮ፣ ተስፋይ በከፈለው ብር መንገዱን እንደገና ሊያሠራ ቆረጠና ኮረት ሊያፈላልግ ሮቢት ወረደ። ከመንገዱ ዳር አዲስ የብሎኬት ሱቅ ቆሟል። በሩ ሰማያዊ ቀለም ተቀብቷል፣ ደጃፉ ልስን ሲሚንቶ ነው። ኢብሮ መኪናውን አቁሞ ጥቂት ተመለከተው። እንዲህ ያለ ደጅ ጭቃ አይነካውም አለ በልቡ። ጥላ ሥር የተቀመጠውን ሽማግሌ ዘበኛ ጠጋ ብሎ ሰላም አለው።

«ማሻ አላህ፣ የማን ሱቅ ነው?»

«የራዊያ ነው፣ የቆቦዋ» አለ ዘበኛው። «ባሏ ኢብሮ፣ አላህ ይዘንለትና፣ ሲሞት ትቶላት በሄደው ብር ነው የሠራችው።»