አዲሱ ሞላ

በ1964 ዓ.ም. ሳሌሃ ልጇ ሽፋ ከሞተር ብስክሌቱ እንዳይወድቅባት ሰግታ፣ የላላውን የኋላ ሞላ ቡታጅራ ገበያ ዳር በጠንካራ አስለወጠችለት። ሜካኒኩ ተቀመጠበትና «አዩ፣ እትዬ ሳሌሃ? ሁለት ሰው ካልተፈናጠጠበት ንቅንቅ አይልም» አላት።

በማግስቱ ጠዋት ሽፋ ብቻውን ወደ ቡኢ ሊሄድ ሞተሩን አስነሳ። ሳሌሃ ደጃፉ ላይ ቆማ ዱዓ ስታደርግለት፣ ሞላው ቀስ ብሎ ወደ ታች ወረደ።

«እማ፣ ቀልዱን ተይና ውረጂ» አለ ሽፋ፣ ወደ ኋላ ሳይዞር እየሳቀ።

ሳሌሃ ግን ገና ደጃፉ ላይ ነበረች። እጆቿ ለዱዓ እንደተዘረጉ ቀሩ።

የሽፋ ሸሚዝ ወገቡ ላይ፣ ግራና ቀኝ ተጨማደደ።

«እሺ፣ እስከ ገበያው ላድርስሽ። ወገቤን ግን እንዲህ አጥብቀሽ አትያዥኝ» አለና ነዳው።